ፋይበርስኮፕ

ፋይበርስኮፕ ከጸጉር በቀጠኑ የመስታወት ክሮች ብርሃንና ምስል እያመላለሰ፣ ዓይን በማይደርስበት ጠባብና ጠማማ ስፍራ ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ተጣጣፊ መሣሪያ ነው። ሐኪም ጨጓራንና የሳንባ ቧንቧን፣ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ደግሞ ያልተፈታ ሞተርን ያይበታል።

እያንዳንዱ ክር በሌላ ዓይነት መስታወት የተሸፈነ ነው። የመሃሉ መስታወት ከሽፋኑ የበለጠ የስብረት መጠን ስላለው፣ በአንዱ ጫፍ የገባ ብርሃን ወደ ውጭ ሳያመልጥ በነጸብራቅ እየተመላለሰ እስከ ሌላው ጫፍ ይጓዛል። ምስል እንዲገኝ በሺዎች የሚቆጠሩት ክሮች በመግቢያው የያዙትን ቦታ በመውጫውም ሳያዛንፉ መያዝ አለባቸው፤ ብርሃን ብቻ የሚያደርሱት ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አያሻቸውም። አንድ ክር ሲሰበር በምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ነጥቦቹ ሲበዙ ሐኪሙ ቁስሉን ከጉድለቱ መለየት ይቸግረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሃሮልድ ሆፕኪንስና ናሪንደር ካፓኒ ምስል የሚያስተላልፍ የክር ጥቅል በኔቸር መጽሔት አስተዋወቁ። ክሮቹ ሽፋን ስላልነበራቸው ግን ብርሃን ያፈሱ ነበር። ይህን የፈታው በ1956 መጨረሻ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ የነበረው ላሪ ከርቲስ ነው፤ ክሩን በመስታወት ለበጠው። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ባዚል ሂርሾዊትዝ በዚህ ክር የተሠራውን መሣሪያ በሌላ ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ራሱ ዋጠው። በ1966 ጃፓናዊው ሺገቶ ኢኬዳ ለሳንባ የሚሆነውን፣ ብሮንኮስኮፕ የሚባለውን፣ አስተዋወቀ። ከ1983 ወዲህ ጫፉ ላይ ትንሽ ካሜራ የተገጠመለት ቪዲዮ ኢንዶስኮፕ (የውስጥ መመልከቻ) በብዙ ሆስፒታሎች የምስል ክሮችን ተክቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ መሣሪያው ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ለጨጓራ ሕመም ነው። ታካሚው ሳይበላ ያድራል፣ ጉሮሮው በመድኃኒት ይደነዝዛል፣ በግራ ጎኑ ተኝቶ የፕላስቲክ መያዣ ይነክሳል። 1 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቱቦ ሲገባ ሐኪሙ በእጀታው ላይ ያሉትን ሁለት መዘውሮች እያዞረ ጫፉን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይመራል፤ በውስጡ ባለው ቀዳዳም መቆንጠጫ ሰዶ ናሙና ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣው፣ ሐኪሙ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ከተሳተፉባቸው ሥራዎች አንዱ የሆነው ጥናት፣ 10,000 እንዲህ ያሉ ምርመራዎችን ይገመግማል። ያን ያህል ሰው ሆዱ ሳይከፈት መታየቱ ለሀገሪቱ ሕክምና ታላቅ ነገር ነው።

በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ በመሆኑ ይታወቃል። ለእንዲህ ያለው ሕመም ብሮንኮስኮፕ ልዩ ጥቅም አለው፤ አክታ ማውጣት ያቃተው ታካሚ ሳንባ በጥቂት ፈሳሽ ታጥቦ ናሙናው ለላቦራቶሪ ይሰጣል።

በአውሮፕላን ጥገና የሚሠራበት የፋይበርስኮፕ ዘመድ ቦርስኮፕ ይባላል። ቱቦው ለዚሁ ተብሎ በተተወ ቀዳዳ ይገባል፤ አንዱ ቴክኒሻን የሞተሩን ዘንግ ቀስ እያለ ሲያዞር ሌላው ምላጮቹን አንድ በአንድ ያያል። ወፍ የገባበት ሞተር በዚህ መንገድ ሳይፈታ ይመረመራል።

በየካ ኮረብታ ከአለት ለተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ዓይነት ቅርስም ፋይበርስኮፕ ተስማሚ ነው። ቅርስ ሲመረመር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2012 ፍሎረንስ ውስጥ በሠዓሊው ቫዛሪ የግድግዳ ሥዕል ላይ ቀዳዳ ተበስቶ ኢንዶስኮፕ መግባቱ ብርቱ ተቃውሞ አስነስቶ ነበር። በተሰነጠቀ አለት ግን መብሳት አያስፈልግም፤ ቱቦው በስንጥቁ ገብቶ እርጥበቱና የዛፍ ሥሩ ምን ያህል እንደዘለቀ ያሳያል። ጥገና ከመጀመሩ በፊት ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው።

መሣሪያውን መግዛት ከመንከባከቡ ይቀላል። የሕክምናው ቱቦ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ አየር ተሞልቶ ውኃ ውስጥ ይነከርና ጫፉ እየታጠፈ ይታያል፤ አረፋ ከወጣ ተቀዷል ማለት ስለሆነ ሳይጠገን አይሠራበትም። ከዚያ ቀዳዳው በብሩሽ ይፈገፈጋል፣ በኬሚካል ይጸዳል፣ በአየር ይደርቃል። ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ቁልቁል ተሰቅሎ ይቀመጣል። የሚያጥብና የሚጠግን ባለሙያ ሳይሠለጥን ኢንዶስኮፕ የሚገዛ ሆስፒታል ገንዘቡንም ታካሚውንም ለጉዳት ያጋልጣል፤ ጨረታ ሲወጣ ሥልጠናው፣ የፍሳሽ መፈተሻውና ማድረቂያው ከመሣሪያው ጋር አብረው መጠየቅ አለባቸው።