ሳቂና ተሳቂ፦ ከዲማ ጉባኤ እስከ አዲስ አበባ መድረክ

የሀገራችንን የቀልድ ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወሬያቸውን የሚጀምሩት ከካሴት ነው። ከተስፋዬ ካሳ፣ ከአለባቸው ተካና ከልመንህ ታደሰ፣ ከደረጀ ኃይሌና ከሀብቴ ምትኩ ይነሡና ወደ ክበበው ገዳ ይሻገራሉ። እኔም ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ ፍቅር ከማንም አያንስም፤ በክፉ ዘመን አስቀውናልና ውለታቸው አለብን። ይሁን እንጂ ቀልዶቻቸውንና የተከታዮቻቸውን ቀልዶች በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ለመሆኑ የሚሳቀው በማን ነው?

መልሱ፣ ቢያንስ በከፊል፣ «በባላገሩ» የሚል ነው። ከአውቶቡስ ወርዶ መርካቶ ውስጥ የሚጠፋው፣ ሊፍት ውስጥ ገብቶ ቤቱ የተንቀሳቀሰበት የሚመስለው፣ ከቴሌቪዥን ጋር ሰላምታ የሚለዋወጠው ሰው የቀልዳችን ቋሚ ተቀጣሪ ከሆነ ቆይቷል። ልብሱ ቁምጣና ጋቢ ነው፤ ከእጁ ዱላ አይለይም፤ አንደበቱም ብዙ ጊዜ የጎጃም ነው። እኔ የቢቸና ተወላጅ ነኝ፤ ሞጣም ዘመድ አለኝ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አንባቢን አልዋሽም።

ከዓመታት በፊት ከባሕር ዳር በሞጣ በኩል ወደ ቢቸና ስጓዝ የአውቶቡሱ ረዳት የቀልድ ቪሲዲ ከፈተ። ያው የታወቀው ባላገር አዲስ አበባ ገብቶ ይደናበራል። መንገደኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከፊቴ የተቀመጡ፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ አንድ አዛውንት ግን ዝም ብለዋል። ረዳቱ «የኔታ፣ እርስዎን አላሳቀዎትም እንዴ?» አላቸው። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «እናንተን አሳቃችሁ፤ በእኔ ግን ‹ቀ›ን ደገመብኝ» አሉ። ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ ፈንድቶ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያም አውቶቡሱ በሙሉ። «አሳቀኝ» ላይ አንድ «ቀ» ሲደገም «አሳቀቀኝ» ይሆናልና! ቪሲዲው መጫወቱን ቀጠለ፤ የሚያዳምጠው ሰው ግን አልነበረም።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ ቤርግሶን በ1900 እ.ኤ.አ. ስለ ሳቅ ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ቁም ነገሮችን ያነሣል። ሰው ለመሳቅ ልቡን ለአፍታ ማደንዘዝ ይኖርበታል፤ ሳቅ ደግሞ ኅብረተሰቡ ከሥርዓቱ ያፈነገጠውን ሰው የሚቀጣበት መሣሪያ ነው። ይህ ትንታኔ የሊፍቱን ባላገር በሚገባ ይገልጸዋል። ባላገሩ የሚያስቀን ከተማው ባወጣው ሥርዓት መራመድ ስላቃተው ነው፤ ልባችን ስለደነዘዘም መደንገጡ አይታየንም። የየኔታን ቀልድ ግን በዚህ መንገድ የምንፈታው አይመስለኝም። እዚያ አውቶቡስ ውስጥ የተቀጣው ከሥርዓቱ ያፈነገጠው ሳይሆን ሳቂው ነው፤ እኔን ጨምሮ።

እንዲህ ያለ አንደበት ከሰማይ አይወርድም፤ ትምህርት ቤት አለው። ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ጉባኤው ስመ ጥር ነው። ጎጃም ዋሸራና ጎንጅ የተባሉትን የቅኔ ቤቶች ያበቀለ ምድር ነው። ተማሪው በየጥጉ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። ገና ሲጀምር የሚለማመደው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያለው አጭር ቅኔ ነው። አንድ ቀልድ ሲመረመር አድማጩን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወስድ መነሻና በድንገት የሚገለብጠው መምቻ አለው። ጉባኤ ቃናም ከዚህ የተለየ አይሠራም፤ ልዩነቱ ገልባጩ ራሱ አድማጩ መሆኑ ነው። ባለቅኔው ሰሙን አቅርቦ ወርቁን ቀብሮ ይሄዳል፤ ቆፍሮ ማውጣት የሰሚው ፈንታ ነው። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ የሆነችው ያቺ አጭር ጸጥታ የቁፋሮው ጊዜ ነበረች። የካሴት ቀልድ እንዲህ ያለ ጸጥታን ይፈራል፤ ቀልደኛው ከት ብሎ የሚስቅ አዳራሽ ካላገኘ ያልቅለታል። ሰምና ወርቅ ሌላም ጥቅም አለው፦ ተናጋሪው ቢከሰስ «እኔ የተናገርኩት ሰሙን ነው» ማለት ይችላል። ባለሥልጣን በሚፈራበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዚህ ጥበብ አውራ የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የተክሌ አቋቋም ከስማቸው ጋር የተያያዘ ሊቅ ሆነው ሳለ፣ ሕዝቡ ሊቅነታቸውን ረስቶ ቀልዳቸውን ብቻ መያዙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ግብዣ ተጠርተው መሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘላ ወጣች ይባላል። አለቃ እንዳላዩ ሆነው በሉ፤ ሲጨርሱም የመረቁበትን ግጥም «አይጡ» በሚለው ቃል ዘጉት። ለባለቤቲቱ «በረከት አይጡ፣ አይጉደልብዎ» ማለት ነው፤ ጆሮ ላለው ደግሞ የመሶቡ አይጥ ናት። አይጧን ማንም ያያታል። አይጧን ምርቃት ውስጥ መልሶ መክተት ግን የአለቃ ብቻ ነው።

ይህ የአንደበት ባህል ከፖለቲካ ተለይቶ አያውቅም። ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን ያስረሸነው አንደበታቸው ስላሰጋው ነበር። በዚያው ዘመን በቢቸና በረሃዎች ይዋጋ የነበረው በላይ ዘለቀ ለተከታዮቹ ራስ፣ ደጃዝማች እያለ ማዕረግ ሲያድል፣ የእርሱ መጠሪያ «አፄ በጉልበቱ» ነበር ይባላል። በላይ ቀልደኛ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጀግና ነበር። ነገር ግን የዘር ሐረግ ቆጥሮ ለሚቀመጥ ዙፋን ከእነዚህ ሁለት ቃላት የሚብስ ምን አለ? «አፄ» ሰሙ ነው፤ «በጉልበቱ» ወርቁ። ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲያስተዳድር ተሰጠው፤ ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ አጥብቀው ከተቃወሙት የጎጃም አውራጃዎች ሞጣና ቢቸና ይገኙበታል። «ባላገሩ ዐዋጁ ስላልገባው ነው» ያሉ ነበሩ። ባላገሩ ግን መሬቱ ተለክቶ ሲመደብ ርስቱ ወዴት እንደሚሄድ ነበር የጠረጠረው። ጦርና አውሮፕላን ተላከበት። በመጨረሻ ግን የወረዱት ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ፤ የከረመው የግብር ውዝፍም ተሰረዘ። እንግዲህ ሊፍት ውስጥ ሲገባ የሚደናበረው ሰው ይህ ነው!

የከተማው መድረክ ሲጀመር በባላገር አልነበረም የሳቀው። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን ሲሆን፣ በአውሬዎች ተረት ተገን አድርጎ የሚተቸው ሹማምንቱን ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያ ወዲህ ሳንሱር በየመልኩ ተፈራረቀብን። ወደ ላይ መሳቅ እየተወደደ ሲሄድ ወደ ታች መሳቅ ረከሰ ብዬ እገምታለሁ። ማስረጃ የሚጠይቀኝ ካለ፣ በጋዜጣ ላይ በመንግሥት ይሳለቅ የነበረው አቤ ቶኪቻው በ2004 ዓ.ም. ሀገር ጥሎ ተሰዷል። በባላገር ቀልዶ የተሰደደ ግን አላውቅም።

በእርግጥ መንገዱን የቀየሩም አሉ። አለባቸው ተካ በ«አለቤ ሾው» ቀልዱን ይዞ ወደ ማኅበራዊ ችግሮቻችን ገባ፤ በመኪና አደጋ ባናጣው ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር አስባለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን የማንኩሳውን በዕውቀቱ ስዩምን ነው፤ በገጣሚነቱ ብቻ ሳይሆን መድረክ ላይ ቆሞ በሚያወጋው ወግም። ከጎጃም ወጥቶ አዲስ አበባ የገባው ልጅ በእርሱም ወግ ውስጥ አለ፤ አሁን ግን ተራኪው ራሱ ነው። ድህነቱን፣ ፍርሃቱን፣ አለመመቸቱን ራሱ ይነግረናል፤ እኛም በእርሱ ስንስቅ ቆይተን ድንገት የምንስቀው በራሳችን መሆኑን እናገኘዋለን። ይህ ከየት እንደመጣ የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው አይጠፋውም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ከጎጃም የሚሰማው ወሬ ምን ዓይነት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ እዚህ ልደግመው አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። የተማረ፣ በጎ ሰው የምለው አንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ የዚያን አካባቢ የሞት ዜና በቪሲዲው ባላገር አንደበት አስመስሎ አንብቦልኛል። ክፋት አልነበረበትም። አንደበቱ ራሱ መጣበት። ቤርግሶን ልብ የሚደነዝዘው ለአፍታ ነው ያለ መስሎኝ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን አፍታው ሠላሳ ዓመት ሆነ።

በቢቸና በልጅነቴ የሰማሁትና በየአገሩም የሚወራ አንድ የአለቃ ቀልድ አለ። የሚያወሩት ሰዎች አለቃን አጥብቀው የሚወዱ ናቸው፤ እዚህ ላይ ግን ያለ ርኅራኄ እንዲሸነፉ ፈርደውባቸዋል፤ ያውም ስሟ ባልታወቀ ባላገር ሴት። አለቃ በመንገድ ሲሄዱ አህዮቿን ወደ ገበያ የምትነዳ ሴት ያገኙና «እንዴት አደርሽ፣ የአህዮች እናት!» ይሏታል።

ሴትዮዋም አህዮቿን መንዳቷን ሳታቋርጥ «ደኅና ነኝ፣ ልጄ!»