የርእሰ አንቀጽ ሐሳብ በምን ይያያዛል?

ርእሰ አንቀጽ የጋዜጣ አፍ ነው። ዜና የሆነውን ነገር ያወራል፤ ርእሰ አንቀጽ ግን ስለ ሆነው ነገር ምን ማሰብ እንደሚገባ ይመክራል። ምክርም ሐሳቡ የተበጣጠሰ እንደ ሆነ ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ በእናቱ ቋንቋ የሚጽፍና በተማረው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ሐሳቡን በማያያዝ ረገድ በምን እንደሚለያዩ ከአገራችን የጋዜጣ ታሪክ ጋራ እያገናዘብን በአጭሩ እንመለከታለን።

ነገሩን ከሐረር እንጀምር። በሸዋ በር ወደ ጀጎል የሚገባ ሰው የከተማው ተወላጅ እንደ ሆነ፣ ያን ሁሉ ጠባብ መንገድ ማንንም ሳይጠይቅ ያልፈዋል። እንግዳው ግን በየማእዘኑ ቆሞ «በየት በኩል ነው?» ይላል። ቢሆንም ሁለቱም ካሰቡት ቤት ይደርሳሉ። የበሩም ስም እንኳ እንደ ተናጋሪው ቋንቋ ይለወጣል፤ እኛ ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። በተወላጅና በእንግዳ ጸሐፊ መካከል ያለው ልዩነት ይኸንኑ ይመስላል።

በዚህችው ከተማ ራስ መኰንን በሚገዙበት ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን «ለ ስመር ዴትዮፒ» የሚባል የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ፤ ትርጓሜውም የኢትዮጵያ ዘሪ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ዓ.ም.፣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይወጣ የነበረውን «አእምሮ»ን የጀመረው እንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ሰው ነው። እንግዲህ የአማርኛ ጋዜጣ ታሪክ የተጀመረው አማርኛ የእናቱ ቋንቋ ባልሆነ ሰው እጅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከዚያም በሐረር አድገው ፈረንሳይኛን ከሚሲዮናውያን መምህራን የተማሩት ራስ ተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»ን አቋቋሙ። ከድል በኋላ «አዲስ ዘመን» ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወጣ፤ የእንግሊዝኛው «ኢትዮጵያን ሄራልድ» ደግሞ በ1935 ዓ.ም. ተከተለ። ሄራልድን ለብዙ ጊዜ ያዘጋጁት ዶክተር ዴቪድ ታልቦት በእንግሊዝ ጊያና የተወለዱና በእንግሊዝኛ ያደጉ ሰው ነበሩ። በኋላም አዘጋጅነቱን ከያዙት ኢትዮጵያውያን አንዱ አቶ ያዕቆብ ወልደ ማርያም ናቸው። ስለዚህ ጋዜጣው አንድ፣ ቋንቋውም አንድ ሲሆን፣ የጸሐፊዎቹ የእናት ቋንቋ ተለየ።

ይህ ልዩነት ምንድን ነው? በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። «መጥቶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ ሄደ» ስንል ቦዝ አንቀጾቹ ሁሉ ማሰሪያቸውን ይጠብቃሉ። «ና»፣ «ም»፣ «ስ» የሚባሉት ጥቃቅን ፊደላትም ከቃል ጫፍ ተለጥፈው ያያይዛሉ። እንግሊዝኛ ግን ዐረፍተ ነገሩን ባጭሩ ይዘጋና የሚቀጥለውን በተውላጠ ስም፣ ቃልን በመድገም ወይም በሐሳቡ ተራ ብቻ ያያይዘዋል። በአማርኛ ያደገ ሰው እንግሊዝኛ ሲጽፍ የለመደው ማሰሪያ ስለሚጎድለው፣ በየዐረፍተ ነገሩ መነሻ «ስለዚህ»፣ «ከዚህም በላይ»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉትን ቃላት ሊደረድር ይችላል። ይኸውም በየማእዘኑ እንደሚጠይቀው እንግዳ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የውጭ አገር ሊቃውንትም ብዙ ተከራክረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 አሜሪካዊው ሮበርት ካፕላን የውጭ አገር ተማሪዎችን ድርሰት መርምረው፣ የእንግሊዝኛ ሐሳብ እንደ ቀጥታ መስመር ይሄዳል፣ የሴማውያን ቋንቋዎች ሐሳብ ግን ጎን ለጎን በሚሄዱ ተመሳሳይ ቃሎች ይራመዳል አሉ። አማርኛም ሴማዊ ነውና ነገሩ እኛንም ይነካል። ነገር ግን ብዙዎች ስለ ተቃወሟቸው፣ እርሳቸውም በኋላ ሐሳባቸውን አለዘቡት። በ1976 ደግሞ ማይክል ሃሊዴይና ሩቃያ ሐሰን የእንግሊዝኛን ማያያዣዎች በዝርዝር የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጡ። ሩቃያ ሐሰን ሕንድ ውስጥ የተወለዱ ምሁር ነበሩ። በ1982 ፓትሪሻ ካረል የቃል መያያዝ የሐሳብ መያያዝ አይደለም ብለው ጻፉ።

የዚህን እውነትነት በአማርኛ መመርመር ይቻላል። አንድ ጸሐፊ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «የሸዋ በር ገበያ ሰፊ ነው። ስለዚህ የሐረር ግንብ ጥንታዊ ነው። ከዚህም በላይ ቡና በውጭ አገር ይወደዳል። እንግዲህ መንገዱ ይጠገን።» ማያያዣው ሁሉ በየቦታው አለ፤ ሐሳቡ ግን የለም። ሌላው ደግሞ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «የገበያው መንገድ በክረምት ይቦረቦራል። የጫነ ጋሪ አያልፍም። ገበሬው ዕቃውን መንገድ ላይ በርካሽ ሸጦ ይመለሳል። መንገዱ ይጠገን።» በዐረፍተ ነገሮቹ መካከል አንድም መስተጻምር የለም፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ስለሚወልድ ልብ ያለው አንባቢ ሁሉ ይከተለዋል።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ ሐሳብን የሚያያይዘው የጸሐፊው የትውልድ ቋንቋ ብቻ አለመሆኑን ነው። ተወላጁ አንባቢው መንገዱን ያውቃል ብሎ ብዙ ነገር ይዘላል፤ በዚህም ጊዜ እንግዳው አንባቢ ይጠፋበታል። የተማረው ሰው ደግሞ ምልክት ያበዛል፤ በዚህም አንባቢውን ያደክማል። ከሁለቱም የሚሻለው፣ አንድ ፍሬ ነገር ይዞ፣ አንባቢው ቀጥሎ የሚጠይቀውን አስቀድሞ ዐውቆ የሚመልስ ጸሐፊ ነው።

ይህም የጋዜጠኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ደብዳቤ የምትጽፉ ሁሉ፣ ሐሳቡ ያልተያያዘ ደብዳቤ ባለጉዳይን ከቢሮ ቢሮ ሲያንከራትት ታያላችሁ። «በመሆኑም» ብሎ ከመጻፍ በፊት፣ የሚከተለው ነገር በእውነት ካለፈው የሚከተል መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ይኸን የሚጠይቅ ሰው በየትኛውም ቋንቋ ቢጽፍ፣ አንባቢው አብሮት እስከ መጨረሻው ይሄዳል።