የዕፅዋት ኤንዛይሞች በፈሳሽ ውስጥ መጓጎል፦ ማሽላና በቆሎ

የጋምቤላ ከተማን አቋርጦ በሚያልፈው በባሮ ወንዝ ዳርቻ የአኙዋ ማኅበረሰብ በቆሎና ማሽላ ያመርታል፤ የኑዌር ማኅበረሰብ ደግሞ በከብት ርባታ ይታወቃል። ሰብልና ከብት በሚጎራበቱበት አካባቢ የማሽላን ጠባይ ማወቅ ይበጃል።

ለጋ ማሽላ በቅጠሉ ዱሪን የተባለ ውሁድ ይይዛል። ከብት ቅጠሉን ሲያኝክ ዱሪኔዝ የተባለው ኤንዛይም ዱሪንን ይሰብረዋል፤ ገዳዩ ሳያናይድም ይለቀቃል።

በቆሎም ተመሳሳይ ኤንዛይም አለው። አንዳንድ የበቆሎ ዝርያዎች በጄል ሲመረመሩ ኤንዛይሙ ባለመታየቱ፣ ጨርሶ የሌላቸው ተደርገው ተቆጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ግን ኤንዛይሙ እንዳለ አረጋገጠ፤ ቅጠሉ ተፈጭቶ ሲበጠበጥ ሌላ ፕሮቲን እያያያዘ ስለሚያጓጉለው በጄሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ማለፍ ተስኖት ኖሯል። የሚገርመው፣ ይኸው አያያዥ ፕሮቲን የቅርብ ዘመዱ ከሆነው ከማሽላው ዱሪኔዝ 1 ጋር አይጣበቅም። ስለዚህ የበቆሎው ውጤት ለማሽላ በቀጥታ አይሠራም፤ በጄል አለመታየትም ብቻውን የመኖ ደኅንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ለጋ፣ በድርቅ የተጎዳ ወይም ከታጨደ በኋላ ዳግም ያቆጠቆጠ ማሽላ ለከብት አይሰጥም። በሚገባ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን አደጋው ይቀንሳል።