ቀለም ያልነካው በረዶ

ከኤዶ፣ ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ ተነሥቶ ኪዮቶ የሚደርሰው የቶካይዶ መንገድ 53 ማረፊያ ጣቢያዎች ነበሩት። 15ኛዋ ካንባራ ትባላለች። ሠዓሊው ኡታጋዋ ሂሮሺጌ እ.ኤ.አ. በ1833 እና በ1834 ገደማ የእነዚህን ጣቢያዎች ሥዕሎች በእንጨት ኅትመት በተከታታይ ሲያወጣ፣ ካንባራን ያቀረባት በሌሊት በረዶ ተውጣ ነው። ገሳ የደረቡ መንገደኞች በአንድ ወገን ሲያልፉ፣ ጃንጥላውን በከፊል የከፈተ ሌላ ሰው አቀርቅሮ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። የአንዳቸውም ፊት አይታይም።

ካንባራ ግን በሱሩጋ የባሕር ወሽመጥ አጠገብ የምትገኝ፣ ብርዷ ለዘብ ያለና እንዲህ ያለውን በረዶ እምብዛም የማታውቅ ስፍራ ናት። ስለዚህም ሥዕሉን እንደ ጉዞ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። (አማርኛችን በረዶ ሲል ጣሪያ የሚደበድበውን ጠጠርም ይጨምራል፤ እዚህ የምንናገረው ድምፅ ሳያሰማ እንደ ባዘቶ ስለሚወርደው ነው።)

በዚህ ሥዕል ላይ በረዶው የተቀባ ነጭ ቀለም አይደለም። ሠዓሊው ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ይሥላል። ቀራጺው ወረቀቱን ገልብጦ በቼሪ እንጨት ገበታ ላይ ይለጥፍና መስመሮቹን አስቀርቶ ሌላውን ይፍቃል፤ የሠዓሊው የእጅ ሥራ በዚሁ ይጠፋል። ለየቀለሙም ሌላ ገበታ ይቀረጻል። በረዶ በሚሆንበት ቦታ እንጨቱ ከሁሉም ገበታዎች ላይ ተፍቆ ስለሚወጣ፣ ወረቀቱ ቀለም ሳይነካው በራሱ ንጣት ይቀራል። በጣሪያዎቹና በተራራው ላይ ተከምሮ የምናየው፣ ከእንጆሪ ዝርያ ከሆነው ከኮዞ ዛፍ ልጥ የተሠራው ወረቀት ነው።

ሌሊቱን የሚያመጣው ደግሞ አታሚው ነው። ገበታውን በውኃ አርሶ ጥቁሩን ቀለም በብሩሽ ከድቅድቅ ወደ ፈዛዛ ያሳሳዋል፤ ጃፓኖች ይህን ቦካሺ ይሉታል። ይህ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ እንደ አዲስ በእጅ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከካንባራ ሁለት ዓይነት ኅትመቶች ደርሰውናል። በአንደኛው ሰማዩ ከላይ ጠቁሮ ወደ ታች ይፈዛል። በሌላው ጥቁረቱ ከተራራው ጀርባ ይጀምርና ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የመጀመሪያው በመንደሩ ላይ ይከብዳል፤ ሁለተኛው በረዶውን ያበራዋል። እንዲህ ያለ ልዩነት እያለ ሥራውን የሂሮሺጌ ብቻ ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ሂሮሺጌና አሳታሚው ታኬኖኡቺ ማጎሃቺ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። በዚሁ ተከታታይ ሥራ ውስጥ ጎዩ የተባለውን ጣቢያ በሚያሳየው ሥዕል ላይ፣ በእንግዳ ማረፊያው ግድግዳ ከተሰቀሉት ሰሌዳዎች መካከል በአንዱ የቀራጺው የጂሮቤይ፣ በሌላው የአታሚው የሄይቤይ ስም ተጽፏል።