ስማቸውን ሌላ ሰው የጻፈላቸው



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አየርላንድ ሰዎች ነው። አየርላንድ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለች ደሴት ናት። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

በ1845 በዚያች አገር የድንች በሽታ ገባ። ድሀው ገበሬ የሚኖረው በድንች ነበርና ተራበ። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው አለቀ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። ብዙው አሜሪካ ገባ። ዛሬ የእነዚያ ስደተኞች ዘሮች «ከየትኛው መንደር ነው የወጣነው?» እያሉ ይጠይቃሉ።

እኛ ዘር የምንቆጥረው በቃል ነው፤ እስከ ሰባት ቤት። እነሱ ግን ቃሉ በስደት ተቋርጦባቸዋል። ቅድመ አያቶቻቸውም ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ጽፈው የተዉት ነገር የለም። ታዲያ ከየት ይገኛል?

ሌላ ሰው ጽፎላቸዋል።

አንዱ ጸሐፊ ቄሱ ነው። የካቶሊክ ቄስ ሕፃን ሲያጠምቅ ቀኑን፣ የሕፃኑንና የወላጆቹን ስም፣ የክርስትና አባትና እናቱንም በመዝገብ ያሰፍር ነበር። እናትየዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትጻፈው በአባቷ ቤት ስም ስለሆነ፣ ፈላጊው የእናቱንም ወገን ያገኛል። እነዚህን መዝገቦች የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2015 በኢንተርኔት አውጥቷቸዋል፤ ማንም ሰው በነፃ ያያቸዋል። የቀብር መዝገብ ግን ካቶሊኮቹ ዘንድ ጥቂት ነው። ድሀውም በመቃብሩ ላይ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ የለውም። በረሀቡ ጊዜማ ስንቱ ባንድ ጉድጓድ ተቀበረ!

ሁለተኛው ጸሐፊ የግብር ገማቹ ነው። ሪቻርድ ግሪፊዝ የሚባል መሐንዲስ ከ1847 እስከ 1864 የአገሩን መሬት አስገመተ። በመጽሐፉ ጭሰኛው በስሙ፣ ባለመሬቱም በስሙ ሰፍረዋል። የመሬቱ ስፋትና ግምትም አለበት። ይህ የተደረገው ግብር ለመጣል ነው እንጂ ለልጅ ልጅ ታስቦ አይደለም። የሚጻፈውም የቤቱ አባወራ ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች የሉበትም።

ሕዝብ ቆጠራም ነበረ። ግን በ1922 በእርስ በርስ ጦርነት በደብሊን ከተማ የነበረው የመዛግብት ቤት ተቃጠለ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች አብዛኞቹ አመድ ሆኑ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ደግሞ ቀደም ብሎ መንግሥት ራሱ አጥፍቷቸዋል። እሳቱስ እሳት ነው፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው።

ከእሳቱ ያመለጠ አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። በ1909 ሰባ ዓመት ለሞላው ድሀ በየሳምንቱ እስከ አምስት ሽልንግ ጡረታ መስጠት ተጀመረ። ሽማግሌዎቹ ዕድሜያቸውን በምን ያስረዱ? መንግሥት ልደትን ሁሉ መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው፤ እነሱ ከዚያ በፊት ተወልደዋል። ስለዚህ «በ1841 ወይም በ1851 ቆጠራ ሕፃን ሆኜ ተቆጥሬአለሁ፤ ፈልጉልኝ» እያሉ አመለከቱ። ሠራተኛው ያንን ትልቅ መዝገብ ገልጦ ያገኘውን በማመልከቻው ላይ ይጽፋል፤ አባት እገሌ፣ እናት እገሊት፣ ልጆች እነ እገሌ። መዝገቡ ሲቃጠል ማመልከቻዎቹ ተረፉ። አንዲት አሮጊት ለአምስት ሽልንግ ብላ ያስጻፈችው ወረቀት፣ ዛሬ የቤተሰቧ ብቸኛ ማስረጃ ሆኖ ይገኛል።

ሙሉ ሆኖ የተረፈው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1901 ነው። ወረቀቱን ቤት ለቤት የሚያድለው ፖሊስ ነበር። መጻፍ ለማይችል አባወራ ፖሊሱ ይሞላለትና እሱ የመስቀል ምልክት ያደርግበታል፤ እኛ ዘንድ በጣት እንደሚፈረመው። ፖሊሱ የሚጽፈው እንደሰማው ነው። ስለዚህ አንዱ ቤተሰብ አንዴ «ኦሱሊቫን»፣ አንዴ «ሱሊቫን» ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ አይቶ «ስሜ እንዲህ አይደለም» ሊል አይችልም።

በዚያው ወረቀት ላይ «ማንበብና መጻፍ ይችላል ወይ?» የሚል ዓምድ አለ። በብዙ ቤቶች መልሱ እንዲህ ነው። አባት፦ ማንበብ አይችልም። እናት፦ ማንበብ አትችልም። ከሥር የአሥር ዓመቷ ልጅ፦ ታነባለች፣ ትጽፋለች።