ባቡር ያልደረሰባት ከተማ

ልጅ ሆኜ ባቡር ማለት ለእኔ ወፍጮ ነበር። እማዬ የተበጠረ ጤፍ ታሸክመኝና "ባቡር ቤት ወስደህ አስፈጭተህ ና" ትለኛለች። ባቡር የሚጮህ፣ ጢስ የሚተፋ፣ ቅንድብህን ዱቄት አልብሶ ወደ ቤት የሚመልስህ ነገር ነው። ሰው አሳፍሮ የትም አይሄድም። ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር በዓይኔ ያየሁት በ2008 ዓ.ም. ኢንጂነሪንግ ለመማር አዲስ አበባ ስመጣ ነው፤ እሱም የከተማው ቀላል ባቡር ነው።

አሁን ሶፍትዌር እሠራለሁ። በቅርቡ ለአንድ ሥራ የከተሞችን የሕዝብ ብዛት ዳታቤዝ ውስጥ ሳስገባ የደብረ ማርቆስ ተራ ደረሰ። 62,497 ይላል። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ውጤት ነው። ቁጥሩን ጽፌ ወደሚቀጥለው ከተማ ማለፍ ነበረብኝ፣ ግን ቆም አልኩ። ከ62,497ቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ቀኑን አስታውሰዋለሁ። ግንቦት ነው፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቆጣሪ ሆነው የመጡት አስተማሪ ነበሩ። እማዬ "ይግቡ መምህር፣ አረፍ ይበሉ እንጂ" ብላ ወንበር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው። በቤቱ ማን ማን እንደሚኖር፣ ዕድሜያችንን፣ የተማርነውን ጠየቁ። አባዬ፣ እማዬ፣ አያቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። አምስት ነን። አያቴ ዕድሜዋን ስትጠየቅ "ጣሊያን ሲገባ እንኳ ከብት እጠብቅ ነበር" አለች፣ መምህሩም ጣታቸውን እያጠፉ አስልተው ጻፉላት።

ያን ቁጥር ካየሁ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ያን ሁሉ ሰው እዚያ ደጋ ላይ ምን ሰበሰበው?

አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ መካከለኛው ምዕራብ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። ባቡር ነው የሰበሰበው። በፈረንጆቹ 1850ዎቹ የኢሊኖይ ሴንትራል ሐዲድ ሲዘረጋ፣ በመስመሩ ዳር በርካታ ከተሞች በአንድ ዓይነት ፕላን ተነደፉ፤ የመንገዶቻቸው ስም ሳይቀር ይመሳሰል ነበር። ከተማ እንደ ኮድ ኮፒ ሲደረግ አስቡት። በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀትም በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። በእንፋሎት የሚሠራው ባቡር ውሃ ይጠማዋል፣ ገበሬው ደግሞ እህሉን በጋሪ አድርሶ በዚያው ቀን መመለስ አለበት። በኋላ ባቡሩ ውሃ የማይፈልግ ሞተር ሲገጠምለትና መኪና ሲበዛ፣ ከእነዚያ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ሰው እየለቀቃቸው ሄዱ።

እኛም አገር እንዲህ ያለ ከተማ አለ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ስለከበደ ከተራራው ሥር በ1895 ዓ.ም. አዲስ ከተማ ተወለደ፤ ድሬዳዋ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የተባለው። መስመሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። እዚያው ቆመ። ወደ ጎጃም አልተሻገረም።

ታዲያ ባቡር የማያውቃት ከተማ ከባቡር ጋር ምን አገናኛት? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ታሪኩን ስከታተለው ግን ሐዲዱ ሳይመጣም ጎጃምን ነክቶ እንደነበር ገባኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከደብረ ማርቆስ ሳይሆን ከባሶ ነው። ዛሬ የጁቤ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ባሶ ሊበን ወረዳ ውስጥ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ይቆም ነበር። ነጋዴው ከአባይ ማዶ ከጉድሩ፣ ከዚያም ወዲያ ከጊቤ አገሮች ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወንዙን ይሻገራል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ዘሎ ስለዚያ ገበያ ማውራት አይቻልም። ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። የደቡቡ ሀብት በባሶ አልፎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምፅዋ ይወርድ ነበር።

ምንቆረር ያኔ ሌላ ሥራ ነበራት። በ1845 ዓ.ም. ገደማ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ የተቆረቆረች የገዥ መቀመጫ ነች። ደብረ ማርቆስ የተባለችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። የመጀመሪያው ነዋሪዋ ግቢን ተከትሎ የመጣ ሰው ነው፤ ወታደሩ፣ ካህኑ፣ ጠጅ ጣዩ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ቤተኛውና ደጅ ጠኚው። እንዲህ ያለ ከተማ ሕዝቡ ከጌታው ጋር ይበዛል፣ ከጌታው ጋር ይበተናል።

ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። "የከፋ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ከአባይ ማዶ ያለው የንግድ ምንጭ ይገባናል ማለት ነው። የሸዋው ምኒልክም ያንኑ ምንጭ ይፈልጉ ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ከዚያ ወዲያ የጊቤ አገሮች ቡና ወደ ሸዋ ዞረ። አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ ባቡሩም መጣላት። ጅቡቲ ድረስ ሐዲድ እያለለት ቡናውን በበቅሎ አባይን አሻግሮ ምፅዋ የሚያወርድ ነጋዴ ከየት ይመጣል?

ባሶ በአንድ ሌሊት አልሞተችም፣ ግን ከመንገድ ላይ ወጣች። አሜሪካኖቹ ባቡር ትቷቸው ስለሄደ ከተሞች ያወራሉ። የእኛዋ ቀድሞውንም ያላየችው ባቡር ነው ገበያዋን የወሰደባት።

ደብረ ማርቆስን ያቆያት ሌላ መስመር ነው። ጣሊያን ግንቦት 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ያዘ፤ ለወታደሩና ለስንቁ ብሎም ከአዲስ አበባ ተነስቶ የአባይን በረሃ የሚያቋርጥ የመኪና መንገድ ሠራ። አርበኛው ያ መንገድ ለማን እንደተሠራ ያውቅ ነበርና አላስተኛውም። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በጎጃም በኩል አድርገው ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጣሊያን ሄደ፣ መንገዱ ቀረ። አያቴ "ጣሊያን የሠራው" የምትለው ሁለት ነገር ነበር፤ መንገዱን በምስጋና፣ ሌላውን በእርግማን።

ይህን መንገድ የሄደበት ሰው ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁል ከሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ጆሮህ ይደፈናል፣ ብርዱ ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ ድልድዩን ትሻገርና ያንኑ ያህል መልሰህ ትወጣለህ። የጭነት መኪናው እያቃሰተ አፋፉ ላይ ሲደርስ ደጀን ቆሞ ሞተሩን ያበርዳል፣ ውሃ ይጨምራል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ይበላሉ። የእንፋሎት ባቡር ውሃ የሚጠጣበት ጣቢያ ማለት እኮ ይኸው ነው። ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፦ እንደ ባቡር ጣቢያ አንድ መስመር ላይ ተሰክተዋል። የእኛ ከተማ ደግሞ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለምሳም ለአዳርም ትመቻለች። በመናኸሪያው ዙሪያ ያለው ሻይ ቤት፣ አልቤርጎ፣ ጋራዥ፣ ቆሎ የምታዞር ልጅ ሁሉ የሚኖረው በአላፊ አግዳሚው ነው።

መስመር ግን ታማኝ አይደለም። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ደብረ ማርቆስ 49,297 ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. 62,497። 27 በመቶ ገደማ አድጋለች። በዚያው ጊዜ ባሕር ዳር ከ96,140 ወደ 155,428 ዘለለች፤ 62 በመቶ ገደማ። ደብረ ማርቆስ ለረጅም ጊዜ የመላው ጎጃም ዋና ከተማ ነበረች። ባሕር ዳር ግን በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የፖሊ ቴክኒክ ተቋምና የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተተከለላት፤ በደርግ መጨረሻ ጎጃም ሲከፋፈል የምዕራቡ ክፍል መቀመጫ ሆነች፤ ኋላም የክልል ዋና ከተማነቱ ለእሷ ሆነ። እኛ የምሥራቅ ጎጃም ዞን መቀመጫነት ቀረልን። ደጀን ላይ ደግሞ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በብቸና እና በሞጣ የሚሄደው ደብረ ማርቆስን ጭራሽ ሳይነካ ባሕር ዳር ይገባል። ሰው ሁሉ በዚያ ማለፍ ቢጀምር የመናኸሪያችን ሻይ ቤቶች ምን እንደሚሆኑ የጁቤ ሄዶ መጠየቅ ነው።

በእኛ ሙያ ካሽ የሚባል ነገር አለ። ሲስተሙ አንዴ ያመጣውን መልስ ያስቀምጥና በተጠየቀ ቁጥር ያንኑ ይሰጣል፤ ካላደስከው እውነቱ ተቀይሮም እሱ አሮጌውን ይነግርሃል። 62,497 እንደዚያ ነው። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል፤ አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ ተላለፈ፣ እንደገና ተላለፈ፣ እስካሁንም አልተካሄደም። መምህሩ እኛ ቤት በመጡበት በዚያው 1999 ዓ.ም. ነው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ 303 ሜትር የሚረዝመው፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ የአባይ ድልድይ ተከፈተ። ማለትም ከተማዋን የለወጧት ነገሮች የመጡት ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው።

ባለፈው እሑድ ለእማዬ ደወልኩና ስለ ቁጥሩ ነገርኳት። "ያኔ እኛ ቤት አምስት ነበርን፣ ትዝ ይልሻል?" አልኳት።

"አሁንም አምስት ነን" አለችኝ።

ግራ ገባኝ። አያቴ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆናት። ወንድሜ ሾፌር ሆኖ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ እኔም እዚሁ ነኝ። ቤት የቀሩት አባዬና እሷ ናቸው።

"ሦስት ተማሪዎች አከራይቻለሁ ብዬህ የለ? አንደኛዋ ከሲዳማ ናት፣ ሽሮዬን ለምዳለች።"

ደስ አለኝ፣ ትንሽም ከፋኝ። የእኔ አልጋ ላይ የሚተኛ ሌላ ሰው አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልሉ ውስጥ ግጭት ተነስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት፣ እነዚያ ክፍሎች ባዶ ነበሩ። ያኔ እማዬ ስልክ በሠራ ቁጥር ስለ ኪራዩ ገንዘብ አታወራም፤ "ቤቱ ጭር አለ" ነበር የምትለው።

የከተማዬን ታሪክ አሁን በዚህ ቤት ነው የማየው። ምንቆረርን ግቢ ሞላት፣ ደብረ ማርቆስን መንገድ አቆያት፣ ዛሬ ደግሞ ተማሪ ያኖራታል። የሚመጣው ሰው በሌላ መስመር ይመጣል፣ የተወለደባት ልጅ በዚያው መስመር ይሄዳል። ከተማዋ የምትጠፋው ሰው ስለሄደ አይደለም፤ እኔም ሄጃለሁ። የምትጠፋው መምጫው ሲዘጋ ነው።

ዳታቤዙ ውስጥ 62,497 ብዬ ሞላሁት፤ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ከጎኑ ባለው የማስታወሻ ቦታ "1999 ዓ.ም." ብዬ ጨመርኩበት። አንድ ቀን ደግሞ አንድ መምህር ያንን በር ያንኳኳሉ፣ እማዬም ወንበሩን ትጠርጋለች። አምስት ነን ትላቸዋለች። ያቺ የሲዳማ ልጅም ትቆጠራለች።