ዜማውን የተቀባበሉት ሰዎች

ከመርካቶ ተነሥቶ በአስኮ በኩል ወደ አምቦና ወደ ወለጋ፣ ወይም በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ፣ በሁለቱም ጎዳና ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ የሚባለውን ክፍለ ከተማ ሳይረግጥ ከአዲስ አበባ አይወጣም። ሥፍራው በቀራንዮ መድኃኔዓለም ደብርና በሙስሊሞች መካነ መቃብር፣ በአጣና ተራ ነጋዴዎችና በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የታወቀ ሲሆን፣ ስለ ዘመናዊው ዘፈናችን የጻፉ ሰዎች ግን ስሙን እምብዛም አያነሡትም፤ የጻፉት ስለ ዘፋኞቹ፣ ስለ ባንዶቹና ስለ መኻል ከተማው የሌሊት ክበቦች እንጂ፣ ዘፈኑን ሰምቶ ለሌላው ስላሰማው ሕዝብ አልነበረምና። የኢትዮጵያ ዘፈን ዛሬ ከፓሪስ እስከ ቦስተን አፍቃሪዎችን ያፈራው በመንግሥት ድጋፍ ወይም በታላላቅ ኩባንያዎች ኀይል ሳይሆን፣ አንዱ ወዳጅ ለሌላው እያቀበለው እንደ ሆነ ስለማምን፣ የዚህን ቅብብል ታሪክ ከከተማይቱ ምዕራባዊ መውጫ ብጀምር ያለ ቦታው የሚሆን አይመስለኝም።

ድምፃችን በሸክላ ላይ መቀረጽ የጀመረው፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዜማቸውን ካስቀረጹ ጊዜ አንሥቶ ነው። ከዚያ በኋላ በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ማኅበር፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተቋቋሙ፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎችም ዘመናዊውን ዘፈን አሳደጉት። ነገር ግን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ዘፈኑ በመድረክና በራዲዮ ከሚሰማው በቀር በሰው እጅ ገብቶ ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወርበት መንገድ ጠባብ ሆኖ ቆየ። ይህን አጥር ደፍሮ የተሻገረው አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሸክላ ነጋዴ ነበር፤ በ1961 ዓ.ም. በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገውን ዓለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ፣ ሸክላውን በሕንድ አገር አሳትሞ ለገበያ አቀረበው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎችን አወጣ። ስለ ዘፈናችን ባለውለታዎች በተነገረ ቁጥር፣ ከዘፋኞቹ ስም ቀጥሎ የዚህ ሰው ስም ሊጠራ ይገባል።

እንግዲህ ይህ ሸክላ ማንን ደረሰ? በዚያን ዘመን የሸክላ ማጫወቻ በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ ስላልነበረ፣ ሰሚው ሕዝብ ዘፈኑን የሚሰማው በቡና ቤት፣ በጠጅ ቤትና በሙዚቃ ቤት ደጃፍ ቆሞ ነበር። ከመርካቶ ጋር ኩታ ገጠም የሆነው የኮልፌ ሕዝብ ደግሞ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞ፣ ከኦሮሞና ከሌላውም አገር ለሥራና ለንግድ የመጣ በመሆኑ፣ ብዙው ሰው አማርኛ የአፍ መፍቻው አልነበረም። ዜማው አስቀድሞ ልቡን ይማርከዋል፤ ቃሉን ግን የሚረዳው ከእሱ በፊት ከተማ የገባ ባልንጀራው አጠገቡ ሆኖ ሲፈታለት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ነባሩ ደቀ መዝሙር መምህሩ እስኪመጣ ሳይጠብቅ አዲሱን ተማሪ እንደሚያስቀጽለው፣ እዚህም የዘፈኑን ሰምና ወርቅ፣ ይህ ትዝታ ነው፣ ይህ ባቲ ነው፣ ይህ አምባሰል ነው፣ ይህ አንቺሆዬ ነው እያለ የሚያስለየው ቀድሞ የሰማው ነበር። ቋንቋውን ሳያውቅ ዘፈኑን የወደደ የመጀመሪያው ሰው ፈረንሳዊው ወይም አሜሪካዊው ነው የሚሉ ሰዎች፣ ይህን የከተማይቱን የራሷን ታሪክ ዘንግተዋል። ማሕሙድ አሕመድስ ቢሆን መርካቶ የተወለደ የጉራጌ ልጅ አይደለምን? ኮልፌም እንግዳ ተቀብሎ ማስተማር እንግዳ ነገሯ አልነበረም፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ትምህርት የተማሩት በዚሁ በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ነውና።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ክበቦች ከሰሙ፤ አምኃም አገሩን ጥሎ ወጣ። ብዙ ሰው ታሪኩ በዚህ እንዳከተመ አድርጎ ይተርካል፤ እኔ ግን አልስማማም። በዚያው ወራት ካሴት የሚባለው ዕቃ ገብቶ፣ ሸክላ መግዛት የማይችለውን ድኻ ከዘፈኑ ጋር አገናኘው። አድማጩ ባዶ ካሴት ይዞ ወደ ሙዚቃ ቤት እየሄደ፣ የሚወዳቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ እየመረጠ ያስቀዳ ነበር፤ ካሴቱ ሲላላ በእስክሪብቶ እየጠነጠነ፣ ሲበጠስ እየቀጠለ፣ ለጎረቤቱ ያውሳል፤ ጎረቤቱም በተራው ያስቀዳል። በአስኮና በአየር ጤና በኩል ወደ ምዕራብ የሚወጡት የአውቶቡስና የጭነት መኪና ሾፌሮችም ካሴታቸውን በየመንገዱ እያሰሙ፣ የአዲስ አበባን አዲስ ዘፈን ለጅማና ለነቀምት ተሳፋሪ አደረሱት። መድረኩም ቢሆን ፈጽሞ ጸጥ አላለም፤ ሰዓት እላፊው በሆቴል ውስጥ ያገኘው ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ዋሊያስን የመሰሉ ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ እየተጫወቱ ያነጉ ነበር።

አሁን ወደ ባሕር ማዶው ልሻገር። አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ነጋዴ አሊ አብደላ ካይፋ፣ በ1967 ዓ.ም. የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» አሳትሞ ነበር። ይህ ሸክላ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ በፈረንሳይ አገር በወዳጆች መኻል ሲሰማ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከተባለ የሙዚቃ አሰናጅ ጆሮ ደረሰ፤ ሰውየውም በዜማው ተማርኮ፣ ዘፋኙን ፍለጋ እስከ አዲስ አበባ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 ዘፈኑ በብራስልስ እንደ ገና ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ ኅትመት በፓሪስ ተጀምሮ፣ እያደር ሠላሳ ያህል ቅጽ ደረሰ። የዚህ ኅትመት ታላቅነት ድምፁን እንደ ገና በማባዛቱ ብቻ አይደለም፤ ከየቅጹ ጋር የሚወጣው መጽሔት ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና ከማን ጋር እንደ ተጫወተ፣ ከአሮጌ ፎቶግራፍ ጋር ለአዲሱ ሰሚ በትዕግሥት ያስረዳው ስለ ነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ሠሪ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ባስገባ ጊዜም፣ በፊልሙ ተማርኮ የመጣው አዲስ አፍቃሪ የሚያነበው ተዘጋጅቶ ጠበቀው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰቶች በ21ኛው ቅጽ ሲወጡ ደግሞ፣ በኢየሩሳሌም በምናኔ ይኖሩ የነበሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት መነኵሲት በሩቅ አገር ሰዎች ዘንድ ተወደዱ።

ነገር ግን የባሕር ማዶው ፍቅርና የእኛ ፍቅር አንድ ዐይነት አለመሆኑን ሳልገልጽ ማለፍ አልወድም። እኛ ከሁሉ አስቀድመን ቃሉን እንሻለን፤ በ2001 ዓ.ም. ጥላሁን ገሠሠ ባረፈ ጊዜ አገሩ በሙሉ ያለቀሰለት፣ የእያንዳንዱ ሰው ኀዘንና ፍቅር በእሱ አንደበት ስለ ተነገረ ነበር። ቋንቋውን የማያውቀው የውጭው ሰው ግን የሙላቱን ቫይብራፎንና የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ይዞ ቀረ፤ ስለዚህም ጥላሁን የራሱ ቅጽ ወጥቶለት እንኳ፣ ባሕር ማዶ የሙላቱን ያህል ስም አላገኘም። ይህን አላወቁልንም ብሎ መቀየም አይገባም። መሣሪያው የከፈተውን ቦታ እኛው ቃሉን ተርጉመን ብንሞላው የተሻለ ነው።

ሌላው ስሕተት ስለ ዘፈናችን የጻፉ ሰዎች «ወርቃማ ዘመን» የሚሉትን ስያሜ በሸክላው ዘመን ላይ ብቻ መወሰናቸው ነበር። ይህን ያረመው አንድ ተራ ካሴት ነው። የዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀርቶ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ብቻውን የሠራውን የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ ገና አሳተመው፤ ሙዚቀኛውም በስተርጅናው ወደ መድረክ ተመለሰ። የድኻው ሰው ካሴት ባይኖር፣ ያ ሙዚቃ በምን ተገኝቶ ነበር?

ከዚህ ወዲህ ሰሚነቱ ወደ ተጫዋችነት አድጓል። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥቶ ከአገሩ ሰዎች ጋር ተጫወተ፤ የሆላንዱ ዘ ኤክስ ጌታቸው መኩሪያን ጋብዞ ከእሱ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን ሥራ አወጣ፤ ፓሪስ ውስጥ «አካሌ ውቤ» የሚል የኢትዮጵያ ዘፈን ስም የያዘ የፈረንሳውያን ባንድ ተመሠረተ። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን፣ በስደት የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ለምሳሌ በቦስተን የደቦ ባንድ ወጣቶች፣ የወላጆቻቸውን ዜማ ከፈረንጅ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው መማራቸው ነው፤ በቤታቸው ችላ ብለውት የነበረውን ካሴት እንደ ገና ወዳጁ ያደረጋቸው የሌላው ሰው መደነቅ መሆኑን ብዙዎች ራሳቸው ይናገራሉ።

አንባቢ ሆይ፣ በአጣና ተራም ሆነ በቤቴል፣ በወይራ ሰፈርም ሆነ በዘነበ ወርቅ፣ ካልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጠ ሸክላና ካሴት ያለህ እንደ ሆነ፣ ለቆራሌው አትስጠው። በሽፋኑ ላይ ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ስም ብቻ እንጂ የከበሮ መቺው፣ የጊታር ተጫዋቹና የዜማ ደራሲው ስም አልተጻፈም፤ እነዚያን የሚያውቁ ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀህ በወረቀት ላይ አስፍር፤ ቅጂውንም ለወመዘክር አስረክብ።